የረቡዕ እንቁላል

ባሮክ የነጣው ሰኞ ጠዋት፣ በረንዳ ላይ ጥርሱን እየፋቀ ሳለ ነው።

ሚስቱ ሶልያና ምሳ ዕቃ እየቋጠረች ቀና ስትል አየችው። የእጁ አምባር ነጭ ሆኗል። አልፎ አልፎ ነጣ ብሎ መልሶ ቢጫ የሚሆነው ዓይነት አልነበረም። ዝም ያለ፣ የማይንቀሳቀስ ነጭ።

“እስቲ እጅህን።”

“ምኑን?”

“አንተ፣ እጅህን አምጣ።”

ባሮክ አየው። መፋቂያውን ከአፉ ሳያወጣ፣ “ውኃ ነክቶት ይሆናላ” አለ።

ባሮክ ከወጣትነቱ ጀምሮ ማቅለሚያ ክፍል ክንዱን ውኃ ውስጥ እየነከረ ያረጀ ሰው ነው። አምባሩ ውኃ እንደማይፈራ ሁለቱም ያውቃሉ። ሶልያና ክዳኑን ገጥማ ምሳ ዕቃውን አቀበለችው፤ ተያይዘው ወደ ሥራ ሄዱ። ሌላ የሚኬድበት አልነበረም።

ፋብሪካው ከከተማው በላይ፣ ከኮረብታው ሥር ነው። የሚሰፋበት ሸሚዝ ነው። በሸሚዙ አንገት ላይ “በሰላም የተሰፋ” የሚል ትንሽ ጨርቅ አለ፤ ባሕር ማዶ ያለ ገዢ ያቺን ጨርቅ በስልኩ ሲነካት፣ ሸሚዙ በተሰፋበት ሰዓት የሰፊዋ አምባር ምን ቀለም እንደነበረ ያያል። ነጭ እርጋታ ነው። ቢጫ ምኞት ነው። ቀይ ቁጣ ወይም ሐዘን ነው። አምባሩ የቀላ ሰው የስፌት መኪናው ፊት ቢቀመጥ መኪናው አይነሳለትም።

ስለዚህ ሠራተኛው እንዲረጋ ይደረጋል። የሚረጋበት ጥበብ ከህንድ የመጣ ነው ይባላል። በር ላይ ዘበኛው “እንዴት አደራችሁ” አይልም፤ “ለቀቃችሁ?” ይላል፤ ምኞታችሁን ማለቱ ነው። “ለቅቀናል” ተብሎ ይገባል። ከዚያ ሁሉም ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ይተነፍሳል። በጆሮው ውስጥ አንዲት ለስላሳ ድምፅ፣ ሥራ ለራሱ ለሥራው እንጂ ለሚገኝበት ነገር ተብሎ እንደማይሠራ ትነግረዋለች። ደመወዝ ‘ፍሬ’ ነው የሚባለው፤ ስለ ፍሬ ያወራ አምባሩ ቢጫ ስለሚሆንበት ማንም አያወራም። የተመደቡበት ሥራ ዳርማ ይባላል፤ ሰው ሲፈጠር የተሰጠው ቦታ ማለት ነው። የእጅጌ ሰፊ ልጅ ስትቀጠር እጅጌ ትመደባለች። ሶልያና እጅጌ ነች። አንድ ጊዜ ወደ ኮሌታ አዛውሩኝ ብላ ብትጠይቅ፣ “ወንዝ ሐይቅ ልሁን ብሎ ያውቃል?” አሏት። ቀኑን ሙሉ ስታስበው ዋለች። እጅጌው ግን ተሰፋ።

የሰው ዕድሜ አራት ነው ተብለዋል። መማሪያ፣ ቤት መያዣ፣ ጫካ መግቢያ፣ በመጨረሻም ሁሉን መተዊያ። ጫካው ከፋብሪካው ጀርባ ያለው፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ኮረብታ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው አምባሩ ነጥቶ ከቀረ፣ በራሱ አንደበት “ለቅቄአለሁ” ብሎ በላይኛው በር ይገባል። ለቤተሰቡ የታጠፈ ቱታውና አንድ የማንጎ ችግኝ ይሰጣል። ጥየቃ የለም፤ ናፍቆት የገባውን ሰው ወደ ኋላ ይጎትተዋል ተብሏል።

ከተማው ውስጥ የማንጎ ዛፍ በርክቷል። ከኮረብታው የወረደ ሰው ግን የለም።

ሰው ልብ ያለው ሌላም ነገር አለ፤ ጮክ ብሎ ባያወራውም። የሚነጣው ብዙ ጊዜ ዓይኑ የደከመ፣ ወይ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ወይ ቀላል ሥራ ስጡኝ ያለ ሰው ነው። ባሮክ ባለፈው ወር ጀርባዬን አሞኛል ብሎ ነበር።

ከሰዓት በፊት ባልና ሚስቱ አማካሪው ዘንድ ተጠሩ። አማካሪው ዮፍታሔ ይባላል፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው፣ ጫማ ሳያደርግ ምንጣፍ ላይ የሚቀመጥ ወጣት ነው።

“እንኳን ደስ አላችሁ” አላቸው።

“የት ነው የሚሄደው?” አለች ሶልያና።

“የት የሚባል ነገር የለም እትዬ ሶሊ። ከመፈለግ ወደ አለመፈለግ ነው።”

“ጋቢ ይዞ ነው ሳይዝ?”

ዮፍታሔ ፈገግ አለ። “ምንም ሳይዝ።”

“በጥቅምት ብርድ?”

“ብርድም እኮ የሚበርደው ምኞት ያለውን ሰው ነው።”

“ኧረ ባክህ” አለች ሶልያና። አምባሯን አየችው፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል። እጇን ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው።

 ሲወጡ ባሮክ መተላለፊያው ላይ ቆም ብሎ ጀርባውን በጡጫው ደገፈ። “ምናልባት እዚያ ያሳርፉኝ ይሆናል ሶሊ። ከገንዳው ላይ መጎንበሱ አቅቶኛል።”

“ጠይቀሃል?”

“ምን?”

“ያሳርፉህ እንደሆነ።”

“መጠየቅ ቢጫ ያደርጋል” አለ።

ከሰዓት በኋላ የሶልያና የስፌት መኪና አልነሳ አለ። ጠጋኙ መጣ። ራጋቫን የሚባል ህንዳዊ ነው፤ በወጣትነቱ መጥቶ እዚሁ አግብቶ የቀረ፣ አማርኛው የወሎ የሆነ ሽማግሌ። ጎንበስ ብሎ መኪናውን አየ፣ ቀና ብሎ እጇን አየ።

“መኪናው ደህና ነው። የተበላሸሽው አንቺ ነሽ።”

“ባሮክ ነጣ።”

 ራጋቫን ከላይ ያለው ካሜራ ሥራ ላይ መስሎ እንዲያየው አንድ ብሎን ፈትቶ መልሶ አሰረ።

“አገርህ እንዲህ ነው?” አለችው።

“አባቴ ጫካ ልግባ ብሎ ነበር። እናቴን ጠየቃት። እንቢ አለችው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ቀረ። ምን ያደርጋል? እሷን እየጠበቀ ጉልበቱ ደከመ።” ብሎኑን ደግሞ ፈታ። “ጫካ ሰው አይላክም እኮ። ሰው የቤቱን ጠይቆ ራሱ ነው የሚሄደው። ቀጣሪው የላከው ሰው እኔ ሰምቼ አላውቅም።”

“መመነን እኛም አገር አለ” አለች ሶልያና። “መናኝ ግን ቱታህን አውልቅ አይባልም።”

“ሁሉን የተወ ሰው ደግሞ እኛ ዘንድ እንደሞተ ነው የሚቆጠረው። የራሱን ተዝካር አውጥቶ ነው የሚሄድ። የሚያለቅስለት አልቅሶ ይገላገላል።” መፍቻውን ኪሱ ከተተ። “ከራጋቫን ሰማሁ እንዳትይ። የልጅ ልጅ አሳድጋለሁ።”

ባሮክ ማክሰኞ ገባ። ላይኛው በር አጠገብ ሦስት ሰዎች አብረውት ነበሩ፤ አንደኛው ዓይኑ በደንብ ስለማያይ በክንዱ ይዘውት ነበር። ዮፍታሔ ሲጠይቃቸው አንድ በአንድ “ለቅቄአለሁ” አሉ። ባሮክ መሬት መሬት እያየ ነው ያለው። በሩ ሲዘጋ ሶልያና እጇ ላይ ቱታና ችግኝ ነበር። ቱታው ታጥቧል፤ የእሱ ጠረን የለበትም።

በበነጋው ቱታውን ይዛ የእድሩ ዳኛ ዘንድ ሄደች። ዳኛው ጋሼ ኢምራን ይባላሉ፤ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሲቀብሩ የኖሩ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። በእድሩ ነገር ፋብሪካውም ይፈራቸዋል። ፋብሪካው የተከፈተ ሰሞን ልቅሶ ከልክሎ ነበር፤ አንድ ጠዋት ሰፊ የተባለ ሁሉ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የእድርተኛ ሞት ሲሆን ሠራተኛው ሦስት ቀን ድንኳን እንዲቀመጥ ተፈቅዷል። ይህን ያልጻፈ የቅጥር ውል እዚህ አገር የሚፈርም የለም።

“ጋሼ ኢምራን፣ ባሌ ሞቷል ወይስ አለ?” አለች።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ሞቷል ካሉኝ ድንኳን ይተከልልኝ። አለ ካሉኝ ምሳውን ላድርስ። ሁለቱንም ከለከሉኝ። ሰው ሞቶም ኖሮም ካልሆነ ምን ይባላል?”

ጋሼ ኢምራን ጢማቸውን ዳበሱ። “አብሽሪ” አሉ። “ይኼ የሚጠየቅ ነገር ነው።”

ተያይዘው አማካሪው ዘንድ ሄዱ። ዮፍታሔ ጥያቄውን ሲሰማ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሼ ኢምራን ደግሞ ወንበር ይምጣልኝ ብለው ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

“አለ” አለ በመጨረሻ። “በሕይወት አለ።”

“እንግዲያው ይበላል” አሉ ጋሼ ኢምራን።

በዚህ ተስማሙ። ሶልያና ጠዋት ወደ ሥራ ስትገባ ምሳ ዕቃውን ላይኛው በር ላይ ታስቀምጣለች፤ ማታ ስትወጣ ባዶውን ትወስዳለች። ማንንም አታይም።

በመጀመሪያ ደስ አላት። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ፣ የበላ ሰው አለ ማለት ነው። ከቀናት በኋላ ግን ደስታው እያነሰ መጣ። ምሳ ዕቃው ታጥቦ ነው የሚመለሰው። ባሮክ በዕድሜው ሰሃን አጥቦ አያውቅም። ደግሞ ጥርግ ተደርጎ ይበላል። ባሮክ እናቱ እንዳሳደገችው ሁልጊዜ አንድ ጉርሻ የሚያህል ያስተርፋል፤ ሰሃን የሚጠርግ ሰው ቤቱ አይጠግብም ይላል። ሶልያና አንድ ቀን ሽሮውን በርበሬ አብዝታ፣ ሌላ ቀን ጨው ሳታደርግ ላከች። ያው ባዶ፣ ያው የታጠበ።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። እጅጌ እየሰፋች ብቻዋን ያዘችው። በጆሮዋ ያለችው ድምፅ ስለ ወንዝ ታወራለች፤ ሶልያና ደግሞ ያንን ምሳ ማን እየበላ ነው ትላለች። መኪናው እየቆመ አስቸገራት።

በሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት ሁለት እንቁላል በቅቤ ጠበሰች።

 በዚያ ቤት ረቡዕና ዓርብ ቅቤ እሳት ላይ ወጥቶ አያውቅም። ክዳኑን ስትገጥም፣ ማታ እንቁላሉ እንዳለ ተመልሶ እንዲመጣ ለመነች። ባሮክ አይነካውም። ይናደድ ይሆናል፣ ምን ነካት ይላል፤ ግን አይነካውም።

ማታ ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። ታጥቧል።

ሶልያና ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ጋሼ ኢምራን ዘንድ ሄዳ ምሳ ዕቃውን ፊታቸው አስቀመጠችው።

“ረቡዕ እንቁላል ተበላ” አለች።

“ምናልባት ርቦት ይሆናል ልጄ።”

“ባሮክ? ሐኪም ቤት ተኝቶ ዶክተሩ ወተት ጠጣ ሲለው፣ ዛሬ ዓርብ ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰውዬ? እርስዎ ራስዎ አልነበሩም ወይ? ምን ዓይነት ግትር ነው ብለው አልሳቁም?”

ጋሼ ኢምራን ነበሩ። ስቀውም ነበር። ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አዩት። ክዳኑን መልሰው ገጠሙ።

“ኢናሊላሂ” አሉ፣ ሞት ሲረዱ እንደሚሉት ቀስ ብለው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። “ባሮክ አርፏል” ተባለ። ድንኳኑ በፋብሪካው መንገድ ዳር፣ ዘበኛው ከሚቆምበት ፊት ለፊት ተተከለ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ንፍሮው ተቀቀለ። ሰፊው ሁሉ ወደ ሥራ ሲመጣ ዘበኛው “ለቀቃችሁ?” አለ።  ሰፊው ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድንኳኑ ገባ።

ማንም ያልጠበቀው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከእጅጌ ክፍል ሂባ የምትባል ልጅ የእናቷን ፎቶ ይዛ መጣች። እናቷ ከነጣች ዓመት አልፏታል። ፎቶውን ከባሮክ ፎቶ አጠገብ አቆመችና ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ከእሷ በኋላ ሌላው የአባቱን፣ ሌላዋ የእህቷን ፎቶ ይዛ መጣች። እስከ ቀትር ድረስ ጠረጴዛው ሞላ። በየቤቱ የማንጎ ዛፍ እያጠጣ ዝም ያለ ሰው ሁሉ ለካ ልቅሶውን አልጨረሰም ነበር። አምባር ሁሉ ቀላ። ስፌት አዳራሹ ውስጥ፣ ልቅሶ አልሄድም ያሉት ጥቂቶች ጩኸቱን ሲሰሙ እነሱም ቀልተው መኪናው ቆመባቸው። በዚያ ቀን በሰላም የተሰፋ ሸሚዝ አልነበረም።

ከሰዓት ዮፍታሔ መጣ። ጫማ አድርጓል።

“ስህተት ነው። ሰውየው በሕይወት አለ” አለ።

“አሳየን” አለች ሶልያና።

“ማየት መያዝ ነው እትዬ ሶሊ። ለእሱም ለእርስዎም አይበጅም።”

“እንግዲያው እናለቅሳለን። ተቀመጥ፣ ንፍሮ ውሰድ።”

ቆሞ ቀረ። ንፍሮ ሰጡት። ምን እንደሚያደርገው ሳያውቅ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ፣ ድንኳኑ ከሰዓት በኋላ ጭር እንዳለ፣ ዮፍታሔ ተመልሶ መጣ። በአንድ እጁ ፔርሙስ ይዟል። በሌላው ባሮክን በክንዱ ይዟል።

 አንዲት ሴት ኡኡ ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ባሮክ ከስቷል። ፀጉሩና ቅንድቡ ላይ ብናኝ ጥጥ አለ። አምባሩ ነጭ ነው፤ ያየችው ሰኞ እንደነበረው ነጭ። ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እንደ ማንኛውም ልቅሶ ደራሽ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ “እግዜር ያጥናችሁ” አላት።

ሶልያና ከተቀመጠችበት ተነሳች።

“ማን ነው ያረፈው?” አላት።

“አንተ።”

ራሱን ነቀነቀ፤ የሩቅ ጎረቤት ሞት እንደሰማ ሰው።

“ይኸው” አለ ዮፍታሔ ለሁሉም። “ደህና ነው፣ እርጋታ ላይ ነው። ሻዩን ይጠጣና እንመለሳለን። እዚህ ማንም በግድ የሚሄድ የለም፤ ራሱን ጠይቁት።”

“ባሮክ፣ ቤት እንሂድ?” አለች።

“ቤት” አለ። ቃሉን አፉ ውስጥ አገላበጠው። “እላይ ደህና ነው። ጀርባዬን አያመኝም።”

“ምን ትሠራላችሁ?”

“ቁርጥራጭ ጨርቅ ይመጣል፣ ክሩን እንፈታለን። ቁጭ ብለን ነው።”

“እስከ ስንት ሰዓት?”

“ሰዓት የለም። መብራቱ አይጠፋም።”

ሂባ ከኋላ ተነሳች። “እናቴን አይተሃታል? ረጅም ናት፣ ቀይ፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው።”

ባሮክ አሰበ። እውነትም ሲያስብ ይታያል። “እዚያ ስም አንጠራራም” አለ። “ረጅም ሰው አለ።”

ሂባ ተቀመጠች።  ዮፍታሔ ከፔርሙሱ ሻይ ቀድቶ ለባሮክ አቀበለው። በወተት የፈላ ነው። እንፋሎቱ ወጣ። ባሮክ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው።

ሶልያና ጠጋ አለች። የምትጠይቀው ብዙ ነበር፤ ይህ ብቻ መጣላት።

“እንቁላሉን ማን በላው?”

“እኔ። ምን ሆነ? ጥሩ ነበር።”

“ረቡዕ ነበር እኮ ባሮክ።”

ብርጭቆው ከከንፈሩ ሳይደርስ ቆመ።

“ረቡዕ?” አለ። “ማን ነገረኝና።” ቅንድቡ ላይ ያለው ጥጥ ተንቀሳቀሰ። “ዛሬስ?”

“ቀን ያው ቀን ነው ጋሽ ባሮክ” አለ ዮፍታሔ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። “ይጠጡት፣ ይቀዘቅዛል።”

ባሮክ ወደ እሱ አልዞረም። የድንኳኑን ሰው በየተራ አየና ጋሼ ኢምራን ላይ ሲደርስ ቆመ። “ዳኛ፣ ዛሬ ምንድን ነው?”

“ዓርብ ነው” አሉ ጋሼ ኢምራን። “አሁን ከጁምዓ መምጣቴ ነው።”

ባሮክ ብርጭቆውን ጎንበስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሲጎነበስ ጀርባውን ያዘው፤ ሲቀና ፊቱ ተጨማዶ ነበር። ብርጭቆውን በእግሩ ገፋ አደረገው፣ እንደማይፈልገው እቃ።

ዮፍታሔ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ። ባሮክ ግን ወደ ሶልያና ነበር የዞረው።

“ንፍሮ አለ?” አላት። “ርቦኛል።”

ሶልያና ሰሃኑን ስታቀብለው እጁን ዘረጋ። ነጩ አምባር ከዳሩ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ነበር።